ስታዲየሙ ይቆየንና መጀመሪያ የደሞዙን መዝገብ አሳዩን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ ወይ እዛ ቤት። ከሀዋሳ ነው የምጽፍላችሁ፣ አቶቴ አካባቢ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ስልኬ ላይ ነው የምተይበው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ። ባለፈው ሰሞን ስለ ስታዲየም ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ዘመናዊ ስታዲየም ቢኖረን ክለቦቻችን ከከተማ አስተዳደር በጀት ተላቀው ራሳቸውን ይችሉ ነበር ነው። ቡና ቤት ብትቀመጥም ባጃጅ ውስጥ ብትገባም የሚወራው ይሄው ነው፣ "ስታዲየም የለንማ!" ይባላል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው እዛ ጋ ያልቃል። እኔ ጋ ግን አላልቅ አለ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስታዲየም ቢሰራ እኛ እንጠቀማለን፣ አለቃዬ ብረትና ሲሚንቶ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚ ስታዲየም አይሰራ ብዬ የምከራከር ከሆነ እንጀራዬ ላይ አሸዋ እየበተንኩ ነው። ደሞም አይሰራ አላልኩም። ሰኔ 2014 ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የት ነበርን? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! "በሜዳችን" ተብሎ ማላዊ። ካፍ ሜዳዎቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ካለ ጀምሮ ብሄራዊ ቡድናችን ሻንጣውን ይዞ ማፑቶ፣ ዳሬሰላም ሲዞር ነው የኖረው፣ ያን ቀን እዚህ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚ ለብሄራዊ ቡድን ስታዲየም ያስፈልጋል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የኔ ክርክር "ክለቡ ገቢ ያገኛል" የምትለዋ ላይ ነው።

እና አሁን ስለ ቤዝቦል ላወራችሁ ነው። አዎ ቤዝቦል፣ የአሜሪካኖቹ በዱላ የሚመታው። አትሳቁ።

ያጎቴ ልጅ ዋሽንግተን ዲሲ መጀመሪያ ታክሲ አሁን ደሞ ኡበር ሲነዳ አስራ ምናምን ዓመቱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ ቀይ ኮፍያ አመጣልኝ፣ ፊት ለፊቷ ጥምዝ ያለች የእንግሊዝኛ ደብሊው አለችባት። ኮፍያዋን አድርጌ በወጣሁ ቁጥር ሰው ምንድነው ይለኛል፣ ፒያሳ ላይማ አንዱ ተበሳጭቶ "የሀዋሳ ልጅ ሆነህ የወላይታ ድቻ ኮፍያ ታደርጋለህ?" አለኝ። የዋሽንግተን ናሽናልስ የሚባል የቤዝቦል ቡድን ነው ብለው ጭራሽ አላመነኝም። ያጎቴን ልጅ ስጠይቀው "እኔ ጨዋታውን አላየውም፣ ብቻ ጨዋታ ያለ ቀን ሥራ አለ፣ ካሸነፉ ደሞ ቲፕ አለ" ነው ያለኝ። እኔ ግን ኮፍያዋን ካደረግኩ አይቀር ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ጨዋታው እስካሁን በደንብ አልገባኝም፣ እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው የሚተፉ ነው የሚመስለኝ። ሂሳቡ ግን ገባኝ። ሂሳቡ ከኛ ስታዲየም ወሬ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ነው።

ቡድኑ በነሱ አቆጣጠር 2005 ላይ ነው ከካናዳ ሞንትሪያል ተነስቶ ዋሽንግተን የገባው። ሲመጣ የራሱ ሜዳ ስላልነበረው አርኤፍኬ የሚባል ያረጀ ስታዲየም ውስጥ ተጫወተ። እዛ አሮጌ ቤት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት የገባው ተመልካች ስንት ነው? ወደ 2.7 ሚሊዮን። ከተማው ደሞ ቃል በገባው መሰረት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት አዲስ ስታዲየም ሰራላቸው፣ ብሩ በቦንድ የተበደሩት ነው፣ የሚከፈለውም ትልልቅ ድርጅቶች ላይ በተጣለ ልዩ ክፍያ፣ ቲኬትና እዛው ውስጥ የሚሸጥ ነገር ላይ በሚቆረጥ ታክስ እና ክለቡ በሚከፍለው ኪራይ ነው። 2008 ላይ ተከፈተ። 41 ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ፣ ወንዝ ዳር፣ አዲስ በአዲስ። እና በተከፈተበት ዓመት የገባው ሰው 2.3 ሚሊዮን ሆነ። ከአሮጌው የመጀመሪያ ዓመት ያነሰ! በሚቀጥለው ዓመት ደሞ 1.8 ሚሊዮን። ለምን ብትሉኝ ቡድኑ በመጀመሪያው ዓመት 102 ጨዋታ ተሸነፈ፣ በሁለተኛው 103። ከ162 ማለት ነው። ቀለሙ ያልደረቀ ስታዲየም ውስጥ ሆነው ሰዉ ሄደባቸው።

ሰዉ መቼ ተመለሰ? ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር። መጨረሻ በመውጣታቸው በዛን ጊዜው ሕጋቸው ከወጣቶቹ መጀመሪያ የመምረጥ ዕድል ስላገኙ 2009 ላይ ስትራስበርግ የሚባል ወርዋሪ፣ 2010 ላይ ሃርፐር የሚባል መቺ ወሰዱ፣ እነዚህ ልጆች ከደረሱ በኋላ 2012 ላይ ምድባቸውን አንደኛ ሆነው ጨረሱ፣ 2013 ላይ ተመልካቹ 2.6 ሚሊዮን አለፈ። ስታዲየሙ ያው ነው፣ አንድ ጡብ አልተጨመረበትም። ሲሚንቶ እኔ እሸጣለሁ፣ ሲሚንቶ ጎል ሲያገባ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ደሞዙ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው። እነሱ ሊግ ውስጥ ደሞዝ ላይ ጣሪያ የለም፣ የፈለገ የፈለገውን ይከፍላል፣ ግን የሆነ መስመር ካለፈ ቅጣት የሚመስል ታክስ ይከፍላል፣ 2024 ላይ መስመሩ 237 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሁለተኛው ደሞ ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ እዛ ኮንትራት ከተፈረመ አለቀ ማለት ነው፣ ተጫዋቹ ቢጎዳም፣ ቢያረጅም፣ ቢደክምም እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይከፈለዋል። ስለዚ ስታዲየሙ የሚያመጣው ገቢ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የፈረምከው ደሞዝ ግን ዝቅ አይልም። ሂሳብ የያዘ ሰው ይሄን ሲሰማ ላብ ያልበዋል።

ዋሽንግተኖች ምን አደረጉ መሰላችሁ። 2015 መግቢያ ላይ ሸርዘር የሚባለውን ወርዋሪ በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን አስፈረሙት፣ ግን ግማሹን በኋላ እንከፍልሃለን አሉት፣ ከ2022 እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን። ሰውዬው ጉደኛ ሆነላቸው፣ እሱ ላይ ያወጡት ብር ይቆጫል የሚል የለም። ግን 2021 ላይ ወደ ሌላ ቡድን ከሸጡት በኋላም፣ ለሌሎች እየተጫወተ እያለ፣ የነሱ 15 ሚሊዮን በየዓመቱ ትሄድለታለች። ዱቤ ማለት እኮ ይሄ ነው፣ በግ ለበዓል በዱቤ ወስደህ አጥንቱ ከተጣለ በኋላ መክፈል። (ሜትስ የሚባለው የኒውዮርክ ቡድንማ ይባስ ብሎ ቦቢ ቦኒላ ለሚባል 2001 ላይ ጨዋታ ላቆመ ሰው ዛሬም በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን ወደ 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይከፍለዋል፣ እስከ 2035! 5.9 ሚሊዮን ነበር የቀረበት ዕዳ፣ አሁን አትክፈሉኝ ከ2011 ጀምራችሁ ከነወለዱ ክፈሉኝ ብሎ ተስማማ። ለአለቃዬ ስነግረው "ይሄ ሰውዬ ጉራጌ ነው እንዴ" ነው ያለው፣ እሱ ራሱ ጉራጌ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።)

ከዛ 2019 መጣ። ሃርፐር፣ ያ ከ2010 ጀምሮ ያሳደጉት ኮከብ፣ ኮንትራቱ አለቀ። ፊላደልፊያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ወሰደው። ዋሽንግተን ውስጥ ለቅሶ ሆነ፣ ማሊያውን ያቃጠለም ነበር ይላል ያጎቴ ልጅ፣ እኔ አላየሁም። የቡድኑ ሰዎች ግን ለአንድ ሰው ያን ሁሉ ከማሰር ብለው ቀድመውም ኮርቢን የሚባል ወርዋሪ በ6 ዓመት 140 ሚሊዮን አስፈርመው ነበር፣ ሌሎችንም ጨመሩ። ዓመቱ ሲጀመር ከ50 ጨዋታ 31 ተሸነፉ። አሰልጣኙ ይባረር ተባለ። እና በዛው ዓመት ዋንጫውን በሉት! ሃርፐር በሄደበት ዓመት። ይሄ እንግዲህ እድል ነው የሚል አለ፣ እኔ ግን ግማሹ ሂሳብ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ደሞ እዚህ ጋ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የፍጻሜው ጨዋታ እስከ ሰባት ነው፣ ከሂውስተን ጋር ነበር፣ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። ሰባቱንም! ዋሽንግተኖች 600 ሚሊዮን በወጣበት ሜዳቸው ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ዋንጫውን ሂውስተን ሄደው አመጡት። የሜዳ ጥቅም፣ የሜዳ ጥቅም ለምትሉ።

ዋንጫ ከበሉ በኋላ ያለው ነው ግን ለኛ ትምህርት የሚሆነው። ደስታው ላይ ሆነው ስትራስበርግን ዲሴምበር 2019 ላይ በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን መልሰው አስፈረሙት። የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር፣ ማን ይጨክናል። ከዛ ፊርማ በኋላ ስንት ጨዋታ ተጫወተ? ስምንት። ስምንት ጨዋታ ብቻ። ክንዱ፣ ትከሻው፣ ነርቩ እያለ አልቻለም፣ ምስኪን፣ 2024 ላይ በይፋ አቆመ፣ እሱ ምን ያድርግ፣ ሰው ነው ይጎዳል። ብሩ ግን ይሄዳል። ኮርቢንም ከዋንጫው በኋላ እየወረደ ሄደ፣ የሱም ብር ይሄድ ነበር። 2020 ላይ ደሞ ኮሮና መጣና ሻምፒዮን ሆነው አንድ ተመልካች ሳያስገቡ ዓመቱ አለቀ፣ ማለት በታሪካቸው ቲኬት በውድ ይሸጡ የነበረበት ዓመት ላይ ስታዲየሙ ባዶ ወንበር ሆነ። ይሄን ማንም አላሰበውም። 2021 ላይ ሸርዘርንና ሌሎቹን ሸጡ። 2022 ላይ ሶቶ የሚባለውን ገና 23 ዓመቱ የሆነ ልጅ 15 ዓመት 440 ሚሊዮን እንስጥህ አሉት፣ እምቢ አለ፣ ሸጡት፣ ያን ዓመት 107 ጨዋታ ተሸነፉ። (ልጁ እምቢ ያለበት ምክንያት ነበረው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሜትሶች 765 ሚሊዮን ሰጡት። እኔ 440ን እምቢ የምልበት ሕልም እንኳን አይቼ አላውቅም።)

በዛ ላይ የቴሌቪዥኑ ነገር አለ። ቡድኑ ዋሽንግተን ሲገባ ጎረቤቱ የባልቲሞር ቡድን ገበያዬን ወሰዳችሁብኝ እንዳይል ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ለባልቲሞር ተሰጠ። ለቴሌቪዥን መብቱ ስንት ይገባናል ብለው ከ10 ዓመት በላይ ሲካሰሱ ኖረው 2025 ላይ ነው የተስማሙት። ስታዲየሙ ያንተ፣ ካሜራው የጎረቤትህ። እንዲህም አለ።

አንድ ቡድን አይተህ ነው የምትፈርደው እንዳትሉኝ ሌሎቹንም አየሁ። ማያሚ የባሰ ነው። እዛ 2012 ላይ ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ ስታዲየም ተሰራ፣ አብዛኛው ወጪ የሕዝብ ነው፣ በዚሁ ጉዳይና በንብረት ግብር ጭማሪ ሕዝቡ ተናዶ የካውንቲውን ከንቲባ ገና ስታዲየሙ ሳያልቅ 2011 ላይ በድምጽ አውርዶታል። ባለቤቱ ስታዲየሙን ካገኘሁ ቡድን እገነባለሁ ብሎ ነበር፣ እውነትም በመጀመሪያው ዓመት ሬየስን በ106 ሚሊዮን፣ በርሊ የሚባለውን በ58 ሚሊዮን፣ ቤልን በ27 ሚሊዮን አስፈረመ፣ ሰዉ ጉድ አለ። አልሆነም፣ ተሸነፉ። ስታዲየሙ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ኖቬምበር ላይ፣ እነ ሬየስን ጠቅልሎ ቶሮንቶ ላካቸው፣ ደሞዙ ወረደለት፣ ተመልካቹ በሚቀጥለው ዓመት ከ2.2 ሚሊዮን ወደ 1.6 ሚሊዮን ወረደ። እሱ ግን ምን አጣ? በ158 ሚሊዮን የገዛውን ቡድን 2017 ላይ በ1.2 ቢሊዮን ሸጦ ሄደ። ቦንዱን የማያሚ ሰው ገና ይከፍላል። ስታዲየም ገቢ አያመጣም ያልኩት ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ያመጣል፣ ለማን እንደሚያመጣ ነው ጥያቄው።

ጥሩ የሰራበትም አለ፣ አልዋሽም። ክሊቭላንድ 1994 ላይ አዲስ ሜዳ ሲከፍቱ ቀድመው ነው የተዘጋጁት፣ ልጆቹ ገና ስም ሳያወጡ፣ ርካሽ ሆነው ሳለ፣ የብዙ ዓመት ኮንትራት አስፈረሟቸው። ስለዚ ሜዳው ሲከፈትና የሰው ጉጉት ሲመጣ ቡድኑም እኩል ደረሰ። 455 ጨዋታ በተከታታይ ቲኬት አልቆ ሸጠዋል፣ ከ1995 እስከ 2001። አትላንታም 2017 ላይ ሜዳቸውን ሲከፍቱ ዙሪያውን ሱቅ፣ ሆቴል፣ ቢሮ ሰርተው ኪራዩን ራሳቸው ይሰበስባሉ፣ አኩኛ የሚባለውን ልጅ ገና በ21 ዓመቱ በ8 ዓመት 100 ሚሊዮን አሰሩት፣ 2021 ላይ ዋንጫ በሉ። ፒትስበርግ ደሞ ከሁሉ ያምራል የሚባለውን ሜዳ 2001 ላይ ከፍተው በዛው ዓመት 100 ጨዋታ ተሸነፉ፣ ከዛም 2012 ድረስ መሸነፋቸውን አላቆሙም። ሜዳው ግን እውነትም ያምራል፣ ፎቶውን አይቻለሁ፣ ወንዙና ድልድዩ ሁሉ ይታያል፣ የኛ ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለ ቢኖር ብዬ ቀንቻለሁ።

ከሁሉም የተረዳሁት አዲስ ስታዲየም የሚሰጥህ የተወሰነ ጊዜ ነው፣ ሰዉ ለማየት የሚጓጓበት ሁለት ሦስት ዓመት። እሷን ጊዜ ይዘህ ደሞዝህን ለማን፣ ለስንት ዓመት ታስራለህ የሚለው ነው ሁሉንም የሚወስነው። ሙሽራ ቤት ሰው የሚያጨናንቀው እስከ መልስ ድረስ ነው፣ ከዛ በኋላ ኪራይ ከፋዩ ራሱ ሙሽራው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ስነግረው "አንተ የሚሊየነር ሂሳብ ከኛ ሽሮ ጋር ታወዳድራለህ" ብሎ ሳቀብኝ። እስቲ ላወዳድር። ቤዝቦሉ ቡድን በዓመት 81 ጨዋታ በሜዳው ይጫወታል። ሰማንያ አንድ። 81 ቀን ቲኬት፣ 81 ቀን ቢራ፣ 81 ቀን ፓርኪንግ። የኛ ሊግ በኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ቡድኖቹ በሙሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው እየተጫወቱ፣ ከዛ ወደ ሌላ ከተማ እየተጫኑ ነው፣ ጅማ፣ ባህርዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሀዋሳ እየተባለ። ማለት ክለባችን ሀዋሳ ከተማ የሀዋሳን ሜዳ የሚያየው ተራው ሲደርስ ነው፣ ያኔም ከነአርባምንጭ፣ ከነመቻል እኩል እንግዳ ሆኖ። ለኮሮናና ለቴሌቪዥኑ ተብሎ የመጣ ነገር ነው፣ ምክንያቱ ይገባኛል፣ ግን እስቲ ንገሩኝ፣ የሜዳ ጨዋታ የሌለው ክለብ አዲስ ስታዲየም ከየት ነው ገቢ የሚያመጣለት? ሴካፋ፣ የምስራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ በ2008 እዚህ ሲመጣ ሜዳው እንዴት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ሰዉ ዛፍ ላይ ነበር። ሰው አለን፣ ፍቅር አለን። ድሮ የሜዳችን ጨዋታ ያለ ቀን ቆሎና ሎሚ የሚሸጡት እናቶች ከጠዋት ጀምረው ነበር ቦታ የሚይዙት፣ እነሱ ናቸው ከስታዲየም ገቢ ሲያገኙ በዓይኔ ያየኋቸው።

የቴሌቪዥኑስ? የደቡብ አፍሪካው የስፖርት ጣቢያ ሱፐርስፖርት በ2012 መጨረሻ የ5 ዓመት ሲፈርም 22.5 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር፣ ለሁሉም ክለብ ተከፋፍሎ ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ከምንም ይሻላል። ኮርቢን ብቻውን በአንድ ዓመት ያገኝ የነበረውን ያህል ነው ሊጉ በሙሉ በ5 ዓመት ያገኘው፣ እሱን ግን ተዉት፣ አላወዳድርም ተብያለሁ።

ደሞዙ ላይ ደሞ በ2011 ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ብሎ ወስኖ ነበር። ከዛ በኋላ ቡና ቤት የሚወራው ሁሉ ስለ ጠረጴዛ ስር ሆነ። እኔ ማስረጃ የለኝም ማንንም አልከስም፣ ግን ሂሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ የማውቀው አንድ ነገር፣ መዝገብ ላይ ያለውና ኪስ ውስጥ ያለው ከተለያየ ያ ክለብ ስንት እንደሚያወጣ ራሱም አያውቅም። ኮንትራቶቹ ደሞ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ናቸው፣ በየክረምቱ ግማሹ ቡድን ይሄዳል ግማሹ ይመጣል፣ የፊርማ እየተባለ እንደ አዲስ ይከፈላል። የአሜሪካኖቹ ችግር ለአንድ ሰው ለረጅም ዓመት መታሰራቸው ነው፣ የኛ ደሞ ተቃራኒው፣ ማንንም ሳናስር በየዓመቱ ሙሉውን ድጋሚ መግዛታችን። ክሊቭላንድ ያደረጉትን፣ ልጁን ገና ከታዳጊ ሲያድግ በረጅም ኮንትራት መያዝን፣ ለሀዋሳ ማን ከለከለው? ይሄ ከተማ እኮ ሁሌ ከሰፈር ልጅ የሚያወጣ ከተማ ነው፣ በ1996 እና በ1999 ዋንጫውን ስንበላ የማሊያው ስም ከነስፖንሰሩ ሳይሆን ልጆቹን በሰፈራቸው ነበር የምንጠራቸው፣ የእንትና ልጅ፣ የእንትና ወንድም እያልን።

እኔ ራሴ የሆነ ጊዜ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ የአንድ የስፖርት ማህበር ሂሳብ በትርፍ ሰዓቴ እንዳስተካክል ተጠይቄ ነበር። የሰጡኝ አንድ ፌስታል ደረሰኝ ነው። ለማሊያ፣ ለአውቶቡስ፣ ለአምቦ ውሃ ደረሰኝ አለ፣ ለደሞዝ ግን አንዲት ወረቀት ብቻ፣ ጠቅላላ ድምር ተጽፎባት፣ ለማን ስንት የሚል የለም። ሰውዬውን ዝርዝሩስ ስለው "እሱ ሚስጥር ነው" አለኝ። በነጋታው ፌስታሉን መለስኩ፣ የትራንስፖርት እንኳን አልተቀበልኩም።

አሜሪካ ግን የሸርዘርንም የስትራስበርግንም ደሞዝ እኔ እዚህ አቶቴ ቁጭ ብዬ በስልኬ አነበብኩት። ለአንድ ዓመት ስንት፣ እስከ መቼ፣ በኋላ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ ሁሉ። ክለቦቹ የግል ናቸው እኮ! የኛ ክለብ በከተማ በጀት፣ ማለት እኔ በምከፍለው ግብር የሚተዳደር ሆኖ የአንዱን ግብ ጠባቂ ደሞዝ አላውቅም። ስለዚ ስታዲየም ይሰራ ብላችሁ ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አብራችሁ ጠይቁልን፦ ከተሰራ በኋላ ቲኬቱን የሚሰበስበው ክለቡ ነው ወይስ ሌላ? ዙሪያውን ሱቅ ከተሰራ ኪራዩ የማን ነው? የሜዳ ጨዋታ መቼ ነው የሚመለሰው? ክለቡ ከበጀቱ ስንት እጁን ነው ለደሞዝ የሚያወጣው፣ ስንቱ ተጫዋች ከአንድ ዓመት በላይ ኮንትራት አለው? እነዚህ ካልታወቁ አዲስ አበባ ላይ ከ2008 ጀምሮ የምንጠብቀው 62 ሺህ ሰው የሚይዘው አደይ አበባ ስታዲየምም አልቆ ቢከፈት ለክለቦቻችን ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል።

እና ጋዜጠኛ ላኩልን። እውነቴን ነው፣ ከስፖርት ክፍል አንድ ሰው ላኩ፣ ካልኩሌተር እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ መዝገቡን እንዲያሳዩን አብረን እንጠይቅ፣ እምቢ ካሉም እምቢ ማለታቸውን ትጽፋላችሁ። አሞራ ገደል አሳ በኔ ነው፣ ሾርባውም ጭምር። በምን ታውቀኛለህ ካለ ቀይ ኮፍያ ያደረገውን ፈልግ በሉት፣ የድቻ ደጋፊ የሚመስለውን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ አቶቴ